መረዋና የጓሮው በር

ሰውየው አንዱን እግር ካልሲ አጥልቆ ሌላኛውን በእጁ እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከወጥ ቤት የጋዝ ሽታ መጣበት፤ ከሽታው ጋር ደግሞ የአማቱ ሳቅ። አማቱ ማልደው ከመጡት ጎረቤታቸው ጋር፣ ከላይኛው ፎቅ ከሚኖሩት ጡረተኛ አዋላጅ ጋር፣ ወሬ ይዘዋል። ወሬው ደርቶ የምድጃውን ጋዝ አስቀድመው ከፍተውታል፤ አሁን ክብሪት ፍለጋ መሳቢያውን ያተራምሳሉ። አዋላጇ ሽታው አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ «ኧረ ጋዙ! አማችሽ የእሳት አደጋ ሰው አይደለም እንዴ? ይኼን አይነግርሽም?» አሉ። አማቱ ጭራሽ ሳቃቸው ጨመረ። «ይነግሩኛል እንጂ! ሲናገሩማ እንዴት እንደሚያምርባቸው። ድምፃቸው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ እንቅልፌን ነው የሚያመጣው። ምን አሉ ብትዪኝ ግን አንዱንም አልያዝኩት።» ክብሪቱ ተገኘ፤ ምድጃው ቡፍ ብሎ ተያያዘ፤ ሁለቱ ሴቶች ወደ ኋላ ፈንጠር ብለው «እሰይ፣ ተረፍን!» ተባባሉ።

ሰውየውን በመሥሪያ ቤቱ መረዋ ይሉታል። ድምፁ እንደ ደወል ስለሚያስተጋባ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ሲጠሩት ደስ እያለው አቤት ይላል። ሥራው እሳት ማጥፋት አይደለም፤ ስለ እሳት መናገር ነው። ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆቴል እየዞረ እሳት እንዳይነሣ ምን እንደሚደረግ፣ ከተነሣም ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ ያስተምራል። ተናግሮ ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ አንዳንዴ እንባ የሚጠርጉም አሉ። በገዛ ቤቱ ግን፣ ራት ላይ ስንት ጊዜ «መጀመሪያ ክብሪት፣ ከዚያ ጋዝ» እያለ ያስረዳቸው አማቱ አንዱንም አልያዙት። ገብቶ «እማዬ፣ እንዲህ እኮ አይደለም» ሊል ዳድቶት ነበር። እግሩ ግን አልታዘዘውም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አማቱ ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አልፏል፤ እሱና እሳቸው ግን አሁንም አንቱ እንደተባባሉ ናቸው። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ያለው፣ ኮሪደሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ አፓርታማ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሲገናኙ እሱ አንደኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እሳቸው ሌላኛው ላይ ይለጠፋሉ፤ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» ሲባባሉ የተቀዳው ሻይ ይቀዘቅዛል። ሚስቱ «እናንተ ሰዎች አንድ ቀን እዚሁ ይመሽባችኋል» እያለች ትስቅባቸዋለች። ወጥ ቤቱ የእሳቸው ግዛት ነው፤ እሳቸው እያሉ እሱ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋትም እንደ ሌባ በጣቱ ጫፍ ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰ፣ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀ፣ «ረፍዶብኛል» ብሎ ከሩቅ ተሰናብቶ ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ገባ። ግድግዳው ላይ የዳቦው ዋጋ ተሰርዞ ከላዩ አዲስ ዋጋ ተጽፎበታል፤ እሱም ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ አሳላፊዋ «ገና ቀለሙም አልደረቀ» እያለች በደንበኞቿ ፊት ትቀልዳለች። መረዋ ቀልዱን አልሰማም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ስድብ ይመለሳል። ይኼ ግን ምርቃት ነው፤ በምርቃት ደግሞ ሰው አይከራከርም።

ቢሮ ሲገባ አለቃው ይጠብቀው ነበር። ካለፈው ወር በፊት ሄዶ ያስተማረበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ካውያ ክፍሉ ላይ እሳት ተነሥቶ እንደነበር ነገረው። እሳቱ ትንሽ ነበር፣ ወዲያው ታፍኖ ጠፋ። ጭሱ ግን አይጣል ነበር። ሰፊዎቹ ሴቶች በሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደሚገቡበት ወደ ፊተኛው ደረጃ ግር ብለው ሲጋፉ አንዷ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። የጓሮውን በር ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። መረዋ ፊቱ ጋለ። ስለ ጓሮው በር በገዛ አፉ፣ ያውም አሳምሮ ነግሯቸው ነበር፤ ጭብጨባው አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ። «ከምሳ በኋላ ሂድና እንደገና ንገራቸው» አለው አለቃው። መረዋ እሺ ብሎ ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን «እንደገና ንገራቸው» የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ያንኑ ዝናብ እንደገና ላዝንብባቸው ነው?

የስፌት ክፍሉ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። መኪናዎቹ በረድፍ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ አየሩ የዘይትና የጋለ ጨርቅ ሽታ አለው፤ የክር ብናኝ አምፖሎቹ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። ሴቶቹ የምሳ ዕቃቸውን ሰብስበው ጨርቅ በሚቆረጥበት ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጠበቁት። ባለፈው እንደቆመው ሁሉ አሁንም መግቢያው በር አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከተቆለለ ዕቃ በላይ፣ መውጫ የሚል ቀይ ምልክት ይታያል። «የተከበራችሁ እህቶቼ» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ጣሪያውን ሞልቶ ተመለሰ። ሴቶቹ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። አንዲት ሴት አገጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኖቿን በግማሽ ከድና፣ ፈገግ አለች። ፈገግታው የእንቅልፍ ፈገግታ ነበር። መረዋ የአማቱን ፊት ያየ መሰለውና ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ቆርጦ ዝም አለ።

ሴቶቹ ንግግሩ ጠፋበት ብለው አፈሩለት፤ አንዳንዶቹም ወለል ወለሉን አዩ። እሱ ግን ወደ ጠረጴዛው ቀረበና፣ ባለፈው ሲመጣ ምን እንዳላቸው የምታስታውስ ካለች ትንገረኝ አለ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ክንደ ደንዳናዋ ቆራጭ፣ መቀስ የሚሏት፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ያን ቀን አስለቅሰውኛል። በምን እንዳስለቀሱኝ ግን አላውቅም።»

ሳቁ አዳራሹን ናጠው። መረዋም ሳቀ፤ ቢከፋውም ሳቀ። ከዚያ አሁን፣ እዚህ፣ ጭስ ቢነሣ ወዴት እንደሚሮጡ በእጃቸው እንዲያሳዩት ለመናቸው። ሁሉም እጅ ተነሣ፤ ሁሉም እጅ ወደ ፊተኛው ደረጃ ጠቆመ። ክንዷ የተሰበረችው ልጅ እንኳ በደህናው እጇ ወደዚያው ጠቆመች።

መረዋ ኮቱን አውልቆ አንድ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠ። ቆሞ እንጂ ተቀምጦ አስተምሮ አያውቅም። እስቲ ሥራችሁን እንዴት እንደለመዳችሁ ንገሩኝ አለ። መቀስ መቁረጥን ማንም በቃል እንዳልነገራት ተናገረች፤ ያሠለጠነቻት ሴትዮ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ አብረው ቆረጡ፣ ከዚያ በኋላ እጇ ራሱ አወቀው። በትልልቆቹ መኪናዎች ረድፍ ያሉት ሴቶች ግን ዝም እንዳሉ ፊቱን ብቻ ያያሉ። ሌላዋ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ የእነዚያን ጆሮ መኪናው እንደበላው፣ የሚሰሙት በዓይናቸው ከሰው ከንፈር ላይ እንደሆነ ነገረችው። «ባለፈው እርስዎ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ ጀርባዎን ሲሰጧቸው ነበር» አለችው። ባለመነጽሯ ተቆጣጣሪ ደግሞ እስካሁን እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። እሷ ተረትም ወግም አልፈለገችም፤ የፈለገችው ምክንያት ነው። በየቀኑ በማውቀው ደረጃ መውረድ እያለ በማላውቀው በር የምሸሸው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። መረዋ ካውያ ክፍሉ ያለው ፊተኛው ደረጃ ሥር ስለሆነ፣ በዚያ የሚሮጥ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቱ እንደሆነ አስረዳት። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ገፋ አደረገች።

«ታዲያ ይኼን ያኔ ለምን አላሉንም?»

መረዋ ያኔ «እሳት አመድ ወለደ» የሚለውን ተረት በሚያምር ድምፅ ሲያብራራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ንግግር የሚባል ነገር አልነበረም። መረዋ ጨርቅ የሚሰመርበትን ጠመኔ ለምኖ ጠረጴዛው ላይ የአዳራሹን ቅርፅ ሳለ፤ ሥዕሉ ጠማማ ስለነበር ሴቶቹ «ኧረ ምሰሶው እዚህ ጋ ነው»፣ «መስኮቱን ረሱት» እያሉ እየተሻሙ አረሙት፤ ሲጨርሱ የእሱ ሳይሆን የእነሱ ሥዕል ሆኖ ነበር። ጆሯቸው ለደከመው ፊቱን አዙሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ በጭስ ውስጥ ግራ እጅን ከግድግዳ ሳይለዩ ጎንበስ ብሎ መሄድን በእጁ እያሳየ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ እጁን ይዛ «ጎንበስ» የሚለውን ምልክት አስተካከለችለት። ከኋላ በኩል ያሉት የልብስ ቁልፍ ተካዮች ደግሞ ነገሩን ሳያስቡት ወደ ዜማ ወስደውት ቆዩ፤ አንዷ «ግራሽን ከግድግዳ!» ስትል ሌሎቹ «ጎንበስ፣ ጎንበስ!» ይቀበሏታል። መረዋ አብሯቸው ሊያዜም ሲል የእሱ ድምፅ የእነሱን ዋጠውና መቀስ በክርኗ ጎሰም አደረገችው። ዝም አለ። መናገር ሥራው የሆነ ሰው ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚሰማ ገርሞት ቆመ።

በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑ አላቸው። መቀስ ግንባር ሆነች፤ ግራ እጇን ግድግዳው ላይ፣ ጎንበስ ብላ፤ ከኋላዋ አንዷ የሌላዋን ሽርጥ ይዛ ረድፉ ተከተለ። እየተሳሳቁ፣ ወንበር እየመቱ፣ «እግሬን!» እየተባባሉ፣ እያዜሙ ሄዱ። መረዋም ዓይኑን ጨፍኖ ከመጨረሻዋ ሴት ሽርጥ ላይ ተንጠለጠለ። ድንገት ዜማው ቆመ፤ ረድፉ እርስ በርሱ ተጋጨ።

«እዚህ ጋ ግድግዳው አለቀ» አለች መቀስ። «ጨርቅ ነው።»

ዓይናቸውን ገለጡ። የጓሮው በር ፊት ለፊት የጨርቅ ጥቅል ከወለል እስከ ቀይ ምልክቱ ድረስ ተቆልሏል። ሁለት ጥቅል ጎትተው አወረዱ፤ ከኋላው በሩ አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር። ማንም አልሳቀም። መረዋ እነዚህን ሁሉ ሴቶች በዚያ በሚያምር ድምፁ ወደ ተቆለፈ በር ነበር የላካቸው። ሰምተውት ቢሆን ኖሮስ?

ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ። ክራቫቱ በሥርዓት የታሰረ፣ ችኩል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ጨርቅ እንዳይሰረቅ ተብሎ መቆለፉን፣ ቁልፉ ባለቤቱ ጋ መሆኑን፣ ሰሞኑን እንደሚመቻች አስረዳ። ሴቶቹ መረዋን አዩት፤ ያን ደወል እንዲደውልላቸው ጠበቁ። ቁጣም፣ ሕግም፣ ተረትም አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይኼም ሰውዬ እንደ ሌላው አዳምጦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «በጣም ጥሩ ንግግር ነው» ብሎ እንደሚሄድ ታየው። ስለዚህ እጁን ያዘው፤ በትሕትና ወደ መግቢያው መልሶ ወሰደውና ዓይኑን እንዲጨፍን ለመነው። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኞቹ ፊት እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አሳፈረው፤ በመጨረሻ ጨፈነ። ግራ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያን ረጅም አዳራሽ ብቻውን ሄደ። የጫማው ኮቴ ብቻ ይሰማል። ጥቅሎቹ ጋ ሲደርስ በግንባሩ ገጭ አለባቸው፤ በእጁ ዳሰሰ፣ ወደ ቀኝ ዳሰሰ፣ ወደ ላይ ዳሰሰ፤ መውጫ የለም። አንድ ሁለት ሴቶች ሳቅ አመለጣቸው። እሱ አልሳቀም፤ ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ። ሲገልጥ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ባለቤቱን አልጠራም። የጥገናውን ሠራተኛ ጠርቶ የብረት መጋዝ እንዲያመጣ አዘዘው፤ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎም የመጀመሪያውን ጥቅል ራሱ ተሸከመ።

ጓጉንቸሩ ተቆርጦ ወደቀ፤ በሩ ከዝገቱ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተከፈተ። ብርሃንና ነፋስ አንድ ላይ ገቡ፤ አምፖሉ ላይ የነበረው ብናኝ ሁሉ ተነሥቶ ጨፈረ። ሴቶቹ በብረቱ ደረጃ እየዘፈኑ ወደ ጓሮ ወረዱ። ጓሮው ውስጥ ፍሬ ያዘለ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር፤ ስንት ዓመት ከግድግዳው ወዲህ ሲሰፉ ማናቸውም አይተውት አያውቁም። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ ሽቅብ አየችው። በዚያ ቀን ለመረዋ ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም እጅ የዛፉን ፍሬ ለመቀንጠስ ተሰቅሎ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ሚስቱም ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት አልተመለሰችም። አማቱ ሳሎን ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። እንደወትሮው ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ «በእግዜር ይቀመጡ» አላቸውና፣ ሳሎን ውስጥ መቆምም መቀመጥም አቅቶት ትንሽ ተንቀዋለለ። በመጨረሻ ሻይ ማፍላት እንደፈለገ፣ ግን እጁ እንዳልለመደ፣ አጠገቡ ቢቆሙለት ደስ እንደሚለው ነገራቸው። አማቱ መርፌያቸውን አስቀመጡ። አማች ወጥ ቤት ሊገባ! የተናገረውን መልሰው የሚያጣሩ ይመስል አዩትና ተከተሉት።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። መረዋ ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ከዚያ እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እጁን ወደ ጋዙ ማብሪያ ሰደደ፤ ለአመል ያህል ብቻ ከፈት አድርጎ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ቀኝ ኪሱን፤ ግራ ኪሱን። ሽታው ሽው አለ። አማቱ እጁን ቸብ አደረጉትና ማብሪያውን ዘጉት።

«አንተ! ክብሪቱን ሳትይዝ ጋዙን ትከፍታለህ?»

ሁለቱም ክው አሉ። እሳቸውን ያስደነገጣቸው «አንተ» ማለታቸው ነበር፤ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እሱ ደግሞ ከተጋባ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቃል ከማንም የሰማ አልመሰለውም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ምድጃው መለሱ፤ የጠዋቱን ያሰቡ ይመስላሉ። «ለካ እኔም እንዲሁ ነኝ» አሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው ሽታው እስኪወጣ ጠበቁና ክብሪቱን ራሳቸው ያዙ። ጫሩ፤ ከፈቱ፤ ተያያዘ። አጠፉት። እንደገና ጫሩ። መረዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አማቱ ክብሪት እየፈጁ፣ «ቆይ፣ እጄ ይልመደው፤ ሹራብም እኮ በወሬ አልተማርኩትም» እያሉ ደጋገሙት፤ ማንቆርቆሪያው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቆይቶ በስንት መከራ ፈላ።

ሻዩን ሳሎን ይዘው ተቀመጡ። አማቱ ቀስ ብለው፣ ቃሏን እንደ አዲስ ጫማ እየሞከሯት፣ «ዛሬ ምን ዋልክ?» አሉት። ጠይቀውት አያውቁም ነበር። መረዋ ልቡ ሞላ። ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ዛሬማ፣ እማዬ፣ ያየሁትን ጉድ» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ሳሎኑን ሞላው፤ ብርጭቆዎቹ እንኳ የተንቀጠቀጡ መሰለው። የአማቱ ሽፋሽፍት ወዲያው ከበድ ከበድ ማለት ጀመረ። መረዋ አየና ሳቁ መጣ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ፤ እጁን ዘረጋላቸው። «ይነሡ፤ ላሳይዎት» አለ።

ሚስቱ ከሥራ ደክሟት፣ በሁለት እጇ የአትክልት ዘንቢል ይዛ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ እናቷ በዚያች ጠባብ ኮሪደር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ባሏ ደግሞ ከኋላ የእናቷን ሹራብ ጫፍ ይዞ፣ እሱም ጎንብሶ፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይከተላል። ደንግጣ «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለች።

«ከመንገድ ዞር በይ» አሉ እናቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጭስ ነው። ጎንበስ በይ።»

እሷም ምኑም ሳይገባት፣ ዘንቢሎቿን እንደያዘች፣ ጎንበስ አለች።